ግድግዳው የአንዱ፣ ታሪኩ የሌላው

በፊላዴልፊያ ከተማ መሀል፣ 12ኛው ጎዳና ላይ፣ አንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ሕንፃ ነበር። በ2015 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሰዓሊዋ ሚሼል አንጄላ ኦርቲዝ በሕንፃው ግድግዳ ላይ የግሎሪያ ካሳሬዝን ምስል ሠራች። ግሎሪያ ለቤት አልባዎች ስትሟገት፣ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ የላቲን ተወላጆች ስትሠራ የኖረች፣ በኋላም የፊላዴልፊያ ከተማ የኤልጂቢቲኪው (የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና የትራንስጀንደር ሰዎች) ጉዳዮች ቢሮ የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር የሆነች ሴት ናት። በ2014 በ42 ዓመቷ በካንሰር አረፈች። ሥዕሉ የቆመው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ለአሥርተ ዓመታት በኖሩበት፣ ቡና ቤት በከፈቱበት፣ በታመሙበትና እርስ በርስ በተደጋገፉበት ሰፈር ልብ ላይ ነበር። ሕንፃው ተሸጠ። በዲሴምበር 2020 መጨረሻ ገደማ ምስሉ ነጭ ቀለም ተቀባበት፤ ቦታው ለአዲስ ግንባታ ይፈለግ ነበርና።

ሰዓሊዋ ሙያዋን ታውቃለች። ሥዕሉም የሚወደድ ሥዕል ነበር። ታሪኩን ያነሣሁት በእጃችን ሠርተን የምናድር ሰዎች፣ ሰዓሊውም፣ ታፔላ ጸሐፊውም፣ ቀለም ቀቢውም፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልን ከብሩሹ በፊት ልናውቀው የሚገባ ነገር ስላለ ነው። የሰፈር ታሪክ የሚሳልበት ግድግዳ የአንድ ሰው ንብረት ነው፤ የሚሳለው ታሪክ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ሕይወት ነው። ሰዓሊው በሁለቱ መካከል ይቆማል። ሁለቱን በወረቀትም በሥራም ሳያገናኝ መወጣጫው ላይ ከወጣ፣ የደከመበት ነገር በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ሐበሻ ሰዓሊዎች ይህን መሰል ጨረታ ያገኛሉ። የከተማ የጥበብ ፕሮግራሞች፣ የሰፈር ማኅበራትና ሱቆች ያወጡታል። ፊላዴልፊያ ብቻዋን በ1984 ግራፊቲን ለመቀነስ በተጀመረ ዘመቻ ውስጥ የተወለደ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም አላት፤ በከተማዋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችን አስሠርቷል።

ከሁሉ በፊት ከራስዎ ጋር ይነጋገሩ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች በግልጽ ማውራት ለብዙዎች ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሥራውን መቀበልም አለመቀበልም የእርስዎ ውሳኔ ነው። በግማሽ ልብ መቀበልን ግን አልመክርም። የአንድን ሰው ፊት ለሳምንታት እያዩ፣ ዓይኑን፣ ግንባሩን፣ የከንፈሩን ጠርዝ እየሠሩ ውስጥዎ ከናቀው፣ ንቀቱ ብሩሹ ላይ ይወጣል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው እይታ ያውቀዋል። የማይሆንልዎ ከሆነ በአክብሮት ይመልሱና ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፉ። ከተቀበሉ ደግሞ ሙሉ ሰውነታቸውን ተቀብለው ይሥሩ። ዘመድ አዝማድ መጠየቁ አይቀርም። ሥራዬ ነው ብሎ መሸሽ ይቻላል፤ እኔ ግን የተሻለው መልስ እውነቱ ነው እላለሁ፤ የተገፉ ሰዎች ቤት ያደረጉትን ሰፈር ታሪክ እየሠራሁ ነው ማለት። ሰፈር ማጣትን የማያውቅ ስደተኛ የለም። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈር በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በይፋ ሲሰየም ወገኖቻችን የተደሰቱት ስም የሌለው ሰፈር ኪራይ ሲወደድ በጸጥታ እንደሚበተን ስለሚያውቁ ነው።

ውሳኔው ካለቀ ቀጥሎ የሚመጣው ማዳመጥ ነው። ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ጊዜውም በክፍያው ውስጥ መታሰብ አለበት። በፊላዴልፊያ ቢሆን ወደ ዊሊያም ዌይ የኤልጂቢቲኪው ማኅበረሰብ ማዕከል ይሄዳሉ፤ ማዕከሉ የራሱ ቤተ መዛግብት አለው፤ ሰዓሊዋ አን ኖርዝረፕም በ2003 በሕንፃው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ሠርታ ነበር። በ1973 ወደተከፈተው ጆቫኒስ ሩም መጽሐፍ መደብር ጎራ ይላሉ። ከሁሉም በላይ ግን ኮሚቴ ውስጥ የማይቀመጡትን ሰዎች ይፈልጉ፤ በሰማንያዎቹ በኤድስ ዘመን የታመመ ጓደኛቸውን ያስታመሙትን፣ በቡና ቤት በር ላይ የሠሩትን፣ ሰፈሩ ሲወደድ ተገፍተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱትን። ኮሚቴ አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን ያስተካክለዋል፤ የቀሩት ሰዎች ያልተስተካከለውን ይነግሩዎታል።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ላቅርብ፤ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ምሳሌ ነው። በ1965 በፊላዴልፊያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በኤፕሪል ዱዊስ የተባለ ምግብ ቤት አለባበሳቸውና አኳኋናቸው ከተለመደው የወጣ ደንበኞችን አላስተናግድም ብሎ ከመቶ በላይ ሰዎችን መለሰ። ሦስት ወጣቶች አንነሣም ብለው ተቀመጡ፤ ታሰሩም። በጁላይ 4፣ በአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ ደግሞ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች በነጻነት አዳራሽ ፊት መፈክር ይዘው በሰልፍ ዞሩ። ከመሪዎቹ አንዱ ፍራንክ ካሜኒ ነበር፤ በ1957 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ በመሆኑ ከመንግሥት ሥራ የተባረረ የሥነ ፈለክ ባለሙያ። የመብት ታጋይዋ ባርባራ ጊቲንግስም ነበረች። ካሜኒ በአለባበስ ቀልድ አያውቅም፤ ወንዶቹ ሱፍና ክራባት፣ ሴቶቹ ቀሚስ እንዲለብሱ አጥብቆ ያዝዝ ነበር፤ ለሥራ ብቁ መሆናቸውን በመልካቸው ጭምር ሊያሳይ ፈልጎ። ሰልፉ እስከ 1969 በየዓመቱ ተደገመ።

አሁን ግድግዳ ፊት ቆመው ያስቡት። ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት የሱፍ ለባሾቹን ሰልፍ ይወድዳል፤ ሥርዓት ያለው፣ የተከበረ፣ ከሕዝባዊ ሕንፃ ፊት የተደረገ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ግን አኳኋናቸው ስላልተወደደ የተገፉ ናቸው፤ በሱፍ ሰልፍ ውስጥ ቦታ የማያገኙት ዓይነት። አንዱን ስሎ ሌላውን መተው ሰፈሩን ለሁለት መክፈል ነው። ስለዚህ ንድፉን ይዘው ወደ ስብሰባ ሲገቡ ሁለቱን ትዕይንቶች በእኩል ስፋት ይዘው ይግቡ፤ አንዱ እንዲቀነስ የሚጠይቅ ሰው ካለ ምክንያቱን በሁሉም ፊት እንዲናገር ያድርጉ። ሰዓሊ በስብሰባ ላይ ያለው ትልቁ ሥልጣን ይህ ነው፤ የቀረው ነገር ባዶ ቦታ ሆኖ እንዲታይ ማድረግ።

ዝርዝር ጉዳይም አለ። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መለያ የሆነው የቀስተ ደመና ባንዲራ የተሠራው በ1978 በሳንፍራንሲስኮ ነው፤ ጊልበርት ቤከር ከባልደረቦቹ ጋር በእጅ ቀለም ነክሮ ሰፋው። ስለዚህ የ1965ቱን ሰልፍ ሲስሉ ባንዲራው ውስጡ ከገባ ሥዕሉ ሐሰት ነው። የ1978ቱን የሳንፍራንሲስኮ ሰልፍ ከሳሉ ደግሞ ባንዲራው ስምንት ቀለም መሆን አለበት፤ ዛሬ የምናየው ባለ ስድስት ቀለሙ የመጣው ሮዙና ቱርኩዋዙ ከተቀነሱ በኋላ ነው። ጥቁርና ቡናማ መስመር የጨመረው ባንዲራ ደግሞ በ2017 የወጣው እዚያው ፊላዴልፊያ ውስጥ ነው፤ በሰፈሩ መዝናኛ ቤቶች ጥቁሮችና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሰዎች የሚደርስባቸውን መድልዎ በግልጽ ከተናገሩ በኋላ። ሦስቱ ባንዲራዎች ሦስት የተለያዩ ክርክሮች ናቸው። የትኛውን የት እንደሚያኖሩ የሚወስኑት ዓመቱን አረጋግጠው መሆን አለበት።

ፎቶግራፍ ሲጠቀሙ ሁለት ዓይነት ፈቃድ ያስፈልግዎታል። አንደኛው የፎቶ አንሺው ነው። የዚያን ዘመን ሰልፎች ካነሡት ዋነኛዋ ኬይ ቶቢን ላሁሰን ናት፤ የባርባራ ጊቲንግስ የሕይወት አጋር የነበረች። ፎቶዎቿ በኒውዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከኢንተርኔት አውርዶ ወደ ግድግዳ ማሳደግ የቅጂ መብት ክስ ያመጣል፤ ፈቃድ መጠየቂያው መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ። ሁለተኛው የሚታየው ሰው ፈቃድ ነው፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። አንድ ሰው በወጣትነቱ ሰልፍ ላይ መታየቱ ዛሬ የልጅ ልጆቹ በሚያልፉበት ጎዳና ላይ ሦስት ፎቅ ቁመት ሆኖ መታየቱን መፍቀዱ አይደለም። በሕይወት ያለውን ሰው ራሱን፣ የሞተውን የቅርብ ሰዎቹን ይጠይቁ፤ የቅርብ ሰው ሲባል ደግሞ የሥጋ ዘመድ ብቻ እንዳይመስልዎ። ከቤተሰባቸው የተጣሉ ብዙዎች ናቸው፤ ያስታመማቸውና የቀበራቸው ወዳጅ ከወንድም በላይ ያውቃቸዋል። እሺ ያሉትን በጽሑፍ ያስፈርሙ፤ እምቢ ያሉትን ፊታቸውን ቀይሮ ለማስገባት አይሞክሩ።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ የሕንፃው ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። ተከራዩ ደስ ብሎት ፈቀደ ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ የባለቤቱ ፊርማ ያስፈልጋል። በከተማው የንብረት መዝገብ ስሙን ያረጋግጡ፤ ሕንፃው ለሽያጭ ቀርቦ እንደሆነ፣ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ የግንባታ ፈቃድ ተጠይቆ እንደሆነ ይመልከቱ። ከጎን ያለ የመኪና ማቆሚያ ለሥዕል የሚያምር ስፍራ ይሰጣል፤ ነገ ግን ፎቅ ሊበቅልበት የሚችለው እዚያው ነው።

ከተቻለ የራሱ የማኅበረሰቡ የሆነ ሕንፃ ይምረጡ። በሳንፍራንሲስኮ ሚሽን ሰፈር፣ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ብዙ ሌዝቢያኖች ይኖሩበት ከነበረው ከቫለንሲያ ጎዳና አቅራቢያ፣ ዊሜንስ ቢልዲንግ (የሴቶች ሕንፃ) የሚባል ማዕከል አለ። የማዕከሉ ሴቶች ሕንፃውን በ1979 ገዙት። በ1994 ሰባት ሴት ሰዓሊዎች ከብዙ ረዳቶች ጋር ሁለቱን የውጭ ግድግዳዎች ሙሉ በሙሉ ሸፈኑት፤ ሥዕሉ ማኤስትራፒስ ይባላል፤ ገጣሚዋ ኦድሪ ሎርድም ከሚታዩት ሴቶች አንዷ ናት። ሥዕሉ በ2012 ታድሶ ዛሬም አለ። በኒውዮርክ ሰዓሊው ኪት ሄሪንግ በ1989፣ ከመሞቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ በከተማዋ የኤልጂቢቲኪው ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ መታጠቢያ ክፍል የሳለው ሥራም በተመሳሳይ ምክንያት ተርፏል፤ ሕንፃው የራሳቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ሕንፃ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ያኔ የሚያድነው ውል ነው። በአሜሪካ ከ1990 ጀምሮ ቫራ በሚባል አጭር ስሙ የሚታወቅ የእይታ ጥበብ ሠሪዎች መብት ሕግ አለ። ሰዓሊው በሕይወት እስካለ ድረስ እውቅና ያገኘ ሥራው ሆን ተብሎ እንዳይጠፋ ይከላከላል። ሕጉ ጥርስ እንዳለው የታየው በኒውዮርክ ኩዊንስ፣ ፋይቭ ፖይንትዝ በተባለው በግራፊቲ ሥዕሎች የተሸፈነ ሕንፃ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ በ2013 በሌሊት ግድግዳዎቹን ነጭ አስቀባ፤ በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ21 ሰዓሊዎች በ45 ሥራዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው፤ በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ነገር ግን መብቱ በፊርማ ሊሰረዝ ይችላል፤ ብዙ የሕንፃ ባለቤቶችና አንዳንድ ፕሮግራሞችም የመሰረዣ አንቀጹን ከውሉ መጨረሻ አካባቢ ያስገቡታል። ያንብቡት። እንዲወጣ ይጠይቁ። አይወጣም ካሉ በምትኩ ቢያንስ ሥዕሉ ሊነካ ሲል የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ፣ ገብቶ ፎቶ የማንሣት መብት፣ እንዲሁም ሕንፃው ቢሸጥ ግዴታው ወደ ገዢው እንዲተላለፍ የሚል አንቀጽ ይጠይቁ። የመጨረሻው ዋናው ነው፤ የሻጭ መልካም ፈቃድ በሽያጭ ያበቃልና።

ተጨማሪ ነገሮችም አሉ። በተቀጣሪነት ከሠሩ ሕጉ አይሸፍንዎትም፤ ስለዚህ በራስዎ የሚሠሩ ተቋራጭ መሆንዎ በውሉ ይጻፍ። ስምዎንና አድራሻዎንም በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ያስመዝግቡ፤ በሕንፃ ላይ ለተሠሩ ሥራዎች የተዘጋጀ መዝገብ አለ፤ ባለቤቱ አድራሻውን አጣሁት እንዳይል። ስለ ሥዕሉ የወጣውን ጋዜጣ፣ የተጻፈውን ደብዳቤ ሁሉ ይሰብስቡ፤ እውቅና ያገኘ ሥራ መሆኑን የሚያስረዳው እሱ ነው። ውሉን ጠበቃ ይየው፤ ለሰዓሊዎች በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያገለግሉ የጠበቆች ማኅበራት በብዙ የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች አሉ። በክፍያ በኩል የንድፉን ዋጋ ከሥራው ዋጋ ለይተው ያስቀምጡ፤ ንድፉ በስብሰባ አምስት ጊዜ ቢቀየር የሚከፍልዎ ሰው እንዲኖር። የመወጣጫውን ወይም የማንሻ መኪናውን ኪራይና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ይጻፍ።

አሠራሩን በተመለከተ ከፊላዴልፊያ የምንወስደው ትልቅ ነገር ጨርቁ ነው። የዚያ ከተማ ሰዓሊዎች ብዙ ጊዜ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሠሩም። የፓራሹት ጨርቅ በሚሉት ስስ የፖሊስተር ጨርቅ ላይ፣ ካሬ ካሬ ቆራርጠው፣ ንድፉን በመስመርና በቁጥር ከፋፍለው ይሠሩበታል፤ ከዚያ በወፍራም የአክሪሊክ ጄል ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ የጣና ገዳማትም ይህን ጥበብ በሚገባ ያውቁታል። ሙያውን ከቤታችን ይዘን የመጣን ነን። ለሰፈር ታሪክ የጨርቁ ጥቅም ከቴክኒክ ያልፋል፤ መወጣጫ ላይ መውጣት የማይችሉ አዛውንት፣ ፊታቸው በመንገድ ላይ እንዲታይ የማይፈልጉ ወጣቶች፣ በማረሚያ ቤት ያሉ ሰዎች ጭምር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ብሩሽ ይይዛሉ። ኤድስ የቀማቸውን ወዳጆች ፊት በገዛ እጃቸው ቀለም መስጠት ለብዙዎች የቆየ ሐዘን መውጫ ነው፤ ይህን ዕድል ለመስጠት ሲባል ብቻ ሥራው ሁለት ወር ቢዘገይ ይዘግይ እላለሁ።

ግድግዳውን ራሱን አይርሱ። የጡቡ መጋጠሚያ ከተሸረሸረ፣ ነጭ ጨው ከወጣበት፣ ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ ካለ መጀመሪያ ይጠገን፤ እርጥበት ያለበት ግድግዳ ጨርቁንም ቀለሙንም ይገፋል። ፀሐይ የሚመታው የደቡብ ግድግዳ ደማቁን ቀለም ቶሎ ይበላል፤ ቀስተ ደመና ደግሞ በደማቅ ቀለም የተሞላ ነው። ሮዝ፣ ሐምራዊና አንዳንድ ቢጫዎች ቶሎ ይነጣሉ። ሲገዙ የቀለሙን ስም ብቻ አይዩ፤ በቆርቆሮው ላይ ያለውን የብርሃን መቋቋም ደረጃና የፒግመንቱን መለያ ቁጥር ያንብቡ። ርካሹን ገዝቶ በአምስት ዓመት የደበዘዘ የመታሰቢያ ሥዕል ማየት ለሰፈሩ ሰው ስድብ ነው።

ጥቃት ሊመጣ እንደሚችልም ይዘጋጁ። በጁን 2015 በሳንፍራንሲስኮ 24ኛው ጎዳና ላይ ጋለሪያ ዴ ላ ራሳ የተባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ፖር ቪዳ የሚባል ሥራ ሰቀለ፤ የሠራው ማኑኤል ፖል ነው። የሚታዩት ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶችና በመካከላቸው አንድ ትራንስጀንደር ወንድ ናቸው፤ ሁሉም የላቲን ተወላጆች። በተደጋጋሚ ቀለም ተረጨበት፤ በወሩ መጨረሻ እሳት ተለቀቀበት። ሥራው በዲጂታል የታተመ ስለነበር በተበላሸ ቁጥር እንደገና ታትሞ ተሰቀለ። ከዚህ የምንማረው ተግባራዊ ነገር ብዙ ነው። በእጅ የተሣለም ቢሆን ሥዕሉ እንዳለቀ በከፍተኛ ጥራት ክፍል በክፍል ፎቶ ይነሣ። ላዩ ላይ የሚታጠብ የግራፊቲ መከላከያ ሽፋን ይቀባ። ከእያንዳንዱ ቀለም የተረፈው በታሸገ ዕቃ፣ ቁጥሩ ተጽፎበት ይቀመጥ። ጥቃት ቢደርስ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ማን ፖሊስ እንደሚያሳውቅ፣ ማን እንደሚያጸዳ፣ ማን ለጋዜጠኛ እንደሚናገር በስም ይወሰን። የእርስዎንና የረዳቶችዎን የቤት አድራሻም በማስታወቂያ ወረቀት ላይ አያውጡ።

የግሎሪያ ምስል ከተሸፈነ በኋላ ነጩ ግድግዳ ላይ ምስሏ በብርሃን ታይቷል፤ በ2021 ደግሞ በከተማው አዳራሽ አጠገብ የታሪክ ምልክት ቆሞላታል። ይህ የሆነው የሥዕሉ ፎቶ፣ ታሪኩና ሰዎቹ ተጠብቀው ስለነበሩ ነው። ስለዚህ የምረቃው ቀን ሲደርስ አንድ ሳጥን ያዘጋጁ። በውስጡ ንድፉ፣ የፎቶዎቹ ፋይል፣ የቀለሞቹ ዝርዝር ከነቁጥራቸው፣ የተፈረሙት ፈቃዶች፣ ያነጋገሯቸው ሰዎች የተቀዱ ቃሎች፣ የውሉ ግልባጭ ይሁን። አንዱን ለሰፈሩ ቤተ መዛግብት ያስረክቡና ደረሰኝ ይቀበሉ፤ አንዱን እርስዎ ያስቀሩ። የመጀመሪያው የጥገና ጉብኝት የሚደረግበትን ቀንም እዚያው በምረቃው ዕለት፣ ባለቤቱ ባለበት፣ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያስይዙ፤ ከክረምቱ ውርጭ በኋላ፣ ኤፕሪል አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው።